ከትራክተሩ ያወረደኝ ዝምታ

ባለፈው ሰኔ መግቢያ ላይ ልጄን እናትነሽን ልጠይቅ ወደ ኩልመስክ ወጣሁ። እኔ የምኖረው ላሊበላ ነው። ለተሳላሚ የማከራያቸው ጥቂት ክፍሎች አሉኝ፤ ዝናብ ሲገባ ግን መንገደኛ ስለማይኖር በሬን ቆልፌ ዘመድ ጥየቃ እሄዳለሁ። እናትነሽ ሁለተኛ ልጇን ወልዳ አራስ ነበረች። ጭኮ በለጋ ቅቤ አሽቼ፣ ለመንገዱ ደግሞ የገብስ ቆሎ ቋጥሬ፣ በጠዋቱ ሚኒባስ ዳገቱን ተያያዝነው። የላስታ መንገድ ወጥቶ አይጨርስም፤ ደረስሁ ሲሉት መልሶ ይወርዳል። ጉሙ ገደሉን ሞልቶት ስለነበር በመስኮቱ የሚታየኝ የጽዶቹ ጫፍ ብቻ ነበር።

የእናትነሽ ባል ሙላት ከጓደኞቹ ጋር ተዳብሎ አሮጌ ትራክተር ገዝቷል። ልጄ ይህን በስልክ ነግራኝ ነበር፤ እኔም «እሰይ፣ ይቅናው» ብዬ አልፌዋለሁ። በማግስቱ ግን ምሳውን የሚያደርስለት ሰው ጠፋ። አራስ ልጄ ብርድ እንዳይመታት ብዬ አገልግሉን እኔ ይዤ ወጣሁ። የሚያርሰው ማሳ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሜዳው ላይ ነው።

ገና ሳልደርስ ድምፁ መጣ። ከዚያ ሽታው፤ የናፍታና አዲስ የተገለበጠ እርጥብ አፈር ሽታ። እግሬ ቀጥ አለ። ስንት ዓመት ሙሉ መኪና አጠገቤ ሲያልፍ ናፍታ ሸትቶኛል፤ አንድም ቀን አስቁሞኝ አያውቅም። ከአፈር ጋር ሲቀላቀል ግን ሌላ ነገር ነው። አገልግሉን እንደያዝሁ መንገዱ መሃል ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሙላት ሲያየኝ ማሳው ዳር ድረስ ነድቶ መጣና ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። እጁን በሣር ጠራርጎ አገልግሉን ተቀበለኝ፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ መብላት ጀመረ። እኔ አልተቀመጥሁም።

«ሙላት፣ እስቲ አንዴ ልንዳው» አልሁት።

ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። «ምኑን እማማ?»

«ይኸን።»

ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አይደለም። «እማማ፣ ይኼ እኮ እንደ ባጃጅ አይደለም። ደግሞ ከኋላው ማረሻ አለ፤ ይጥልዎታል።»

«ማረሻውን እኔ አነሳዋለሁ። አንተ ብላ።»

ቀሚሴን በመቀነቴ ሰብስቤ ወጣሁ። መቀመጫው ከድሮው ይመቻል፤ ማርሹም እኔ የማውቀው ቦታ ላይ ስላልነበረ ትንሽ ፈለግሁት። ግራ እግሬ ግን ማንም ሳይነግረው ፍሪሲዮኑን አገኘው። እግሬን ቀስ እያልሁ ሳነሣው መሬቱ ከሥሬ ተንቀሳቀሰ። ማረሻውን ስለቀው የሞተሩ ድምፅ ጎረነነ፤ ያ ጉርናኔ በመቀመጫው በኩል አልፎ ጀርባዬን፣ ትከሻዬን፣ ጥርሴን ሁሉ ያዘኝ። ማሳው ጫፍ ላይ አንድ ባሕር ዛፍ መርጬ ዓይኔን ተከልሁበትና ሄድሁ። ጫፍ ስደርስ ማረሻውን አነሣሁ፣ ዞርሁ፣ መልሼ ጣልሁ፣ ተመለስሁ። ወደ ኋላ ገልመጥ ስል ትልሙ ቀጥ ብሎ ተኝቷል።

ሳቅሁ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ፣ አፌን ሳልሸፍን ሳቅሁ። ነፋሱ ሻሼን ገፎ ትከሻዬ ላይ ጣለው፤ አላነሣሁትም። ልጆቼን ወልጃለሁ፣ ድሬያለሁ፣ ቤት ሠርቻለሁ፤ በሕይወቴ ደስታ አላጣሁም። እንዲህ ያለው ግን፣ ሙሉ ሰውነት የሚስቀው ሳቅ፣ ከዚያ ከሩቁ ዘመን ወዲህ ነክቶኝ አያውቅም። ሙላት ተነሥቶ ቆሞ፣ እንጀራው በእጁ እንዳለ ያየኝ ነበር።

ሞተሩን አጥፍቼ ስወርድ ሙላት የደከመኝ መስሎት በክንዴ ያዘኝ።

«ኧረ እማማ፣ ይኼን የት ተማሩት?»

መልስ ልሰጠው አፌን ከፈትሁ፤ የመጣልኝ ግን ቃል ሳይሆን ዕንባ ነበር። የደስታ ዕንባ መስሎኝ ነበር መጀመሪያ። አልነበረም።

*

በደርግ ጊዜ የእኛ ቀበሌ መሬት ተቀላቅሎ በአምራቾች ማኅበር ይታረስ ነበር። መሬቱ የተቀላቀለበት ሰው ብዙው በልቡ ያዝን ነበር፤ እንዲህ ብሎ የሚናገር ግን የለም። ከዕለታት አንድ ቀን ለማኅበሩ ትራክተር ይመጣል ተባለ። ሁለት ወጣቶች ተመርጠው ቆላ ወዳለ የመንግሥት እርሻ ወርደው መንዳት እንዲማሩ፣ አንዷም ከሴቶች ማኅበር እንድትሆን ታዘዘ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ስለነበርና ሌሎቹን ሴቶች አባቶቻቸው ስለከለከሏቸው እኔ ተመረጥሁ። ሁለተኛው ካሳው ነበር።

ካሳው የአባቴ የክርስትና ልጅ ነው። እናትና አባቱ በጃንሆይ ዘመን በገባው ረኃብ ሞተውበት፣ ገና ዳዴ ሲል አባቴ ወደ ቤታችን አምጥተውት ከእኔ ጋር አደገ። ከአንድ ሳህን በልተናል፣ በአንድ ቁርበት ላይ ተኝተናል፣ ኩፍኝ እንኳ አብረን ነው የያዘን። ሰው ሲጠይቀኝ «ወንድሜ ነው» እል ነበር፤ እንደዚያ ስል ለማጋነን ብዬ አልነበረም፤ ሌላ ቃል ስለማላውቅለት ነው።

አባቴ ሰው ሁሉ አያ ደምሴ እያለ የሚያከብራቸው፣ ነገር የሚቀርብላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሴት ልጁን ለትራክተር ሰጠ ብለው የዘበቱባቸው ነበሩ። እሳቸው ግን መኪናው እስከሚቆምበት ድረስ ግማሽ ቀን በእግር ሸኝተውን፣ በሶ የተሞላውን ስልቻ አስይዘውን፣ «ተማሩ፤ ተደጋገፉ። አንዳችሁ ለአንዳችሁ ናችሁ» ብለው ግንባራችንን ስመው ተመለሱ።

ቆላው እሳት ነበር። ደጋ ለለመደ ሰው አየሩ ራሱ እንደ ፍል ውኃ ይሞቃል። መምህራችን ድምፃቸው የሰለለ፣ ነገር የማያበዙ አዛውንት ነበሩ። ካሳው መጀመሪያ ላይ ፈራ። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር እጁ መሪው ላይ ይደርቅ ነበር። ከሥራ በኋላ አሸዋው ላይ ተቀምጠን በድንጋይ ፍሪሲዮን፣ በድንጋይ ፍሬን፣ በእንጨት ማርሽ ሠርቼለት እየደጋገምን እንጫወት ነበር። በመጨረሻ ሁለታችንም ፈተናውን አለፍን። ወደ አገራችን ስንመለስ መኪናው ላይ ሙሉ መንገዱን ዘፈንን።

ትራክተሩ መጥቶ ሜዳው ላይ የቆመ ዕለት የወጣው ሰው ለጥምቀት እንኳ አይወጣም። መጀመሪያ ያስነሡት እኔን ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ሴት ስታስነሣው ለማየት። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ አረስሁት። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከኋላዬ በትልሙ ውስጥ እየተራመዱ ይከተሉኝ ነበር። የተገለበጠውን አፈር በእጃቸው ያነሣሉ፣ ያሸቱታል፣ ያፍረከርኩታል። ስቆም ወደ እኔ ቀና ብለው «የሺ፣ በሬዎቼ ዛሬ ጡረታ ወጡ» ሲሉ ሕዝቡ ሁሉ ሳቀ። ዓይናቸው ላይ ያየሁትን ኩራት አልረሳውም። ልርሳውም ብል አይሆንልኝም።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከምናምን በተራ ነዳን፤ አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን ካሳው። ቁልፉ የባለ ተራው ነበር። በጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ሞተሩን አስነሥቼ እስኪሞቅ ስጠብቅ፣ እጄን ሞተሩ ላይ እያሞቅሁ በኪሴ የያዝሁትን አሹቅ እቆረጥም ነበር። ሌሎቹ የዕድሜ እኩዮቼ እንስራ ተሸክመው ሲያልፉ ቆመው ያዩኛል። አንዳንዷ ታፍራለች፣ አንዳንዷ «አንቺ የሺ፣ አንድ ቀን እላዩ ላይ አሳፍሪኝ» ትላለች። አሳፍራቸው ነበር። ሁለት ልጃገረዶች ለሚቀጥለው ሥልጠና ስማቸውን እስከ ማስመዝገብ ደርሰው ነበር። እኔ በዚያ ዕድሜዬ የምፈልገው ሌላ ነገር አልነበረም። ባል አላሰብሁም፣ ከተማ አላሰብሁም። ያ ወንበር ይበቃኝ ነበር።

*

ነገሩ የሆነው ከፋሲካ በኋላ፣ የሠርጉ ወራት ላይ ነው። ተራው የእኔ ነበር። ጠዋት አርሼ ትራክተሩን ማኅበሩ ግቢ አቁሜ ቤት ገብቼ ነበር። ካሳው መጣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፀጉሩን በቅቤ አርሶታል።

«የሺዬ፣ ቁልፉን ስጪኝ» አለኝ።

«ዛሬ የእኔ ተራ አይደል እንዴ?»

«ውኃ ልጨምርበት ነው። ነገ በጠዋት እንድወጣበት።»

ሰጠሁት። ለወንድሜ ቁልፍ መስጠት ምን ያሳስባል? በኋላ እንደተረዳሁት ከቁልቁለቱ ግርጌ ባለው መንደር ሠርግ ነበር፤ ዓይኑን የጣለባት ልጅ ከሚዜዎቹ አንዷ ነበረች። ትራክተሩን እየነዳ ድንኳኑ ደጃፍ ሊቆምላት ፈልጎ ነው።

ቁልቁለቱ መካከል ላይ፣ እንዲፈጥንለት ብሎ ማርሹን ነቅሎ በፎሌ ለቀቀው። ትራክተር በፎሌ ቁልቁለት ከለቀቁት ፍሬኑ አይዘውም፤ ይህን ቆላ እያለን በየቀኑ ሲነገረን ነበር። እኔ ድምፁን የሰማሁት ቤት ብቻዬን ሆኜ ነው። መሬት የተናደ መሰለኝ። በባዶ እግሬ ሮጥሁ።

ስደርስ ትራክተሩ ፈፋው ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። የፊት እግሩ ተሰብሮ ጎማው ለብቻው ወድቆ ነበር። ካሳው ቀድሞ ዘሎ ስለወረደ ክንዱ ከመላላጡ በቀር ደኅና ነው። አባቴ ከወዲያ ማዶ በሬዎቻቸውን ያሰማሩ ስለነበር ከእኔ ቀድመው ደርሰው፣ ካሳውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ ከቅላቸው ውኃ እያፈሰሱ ደሙን ያጥቡለታል።

«አባዬ፣ ምን ሆነ?» አልሁ።

«ለቆት መጣ» አሉኝ። «ከማዶ ሆኜ ብጮህ ብጮህ አልሰማኝም። ሲዘል አየሁት። ተመስገን በይ፣ የሺ፤ ልጁ ተርፏል።»

ተመስገን አልሁ። ከልቤ ነው ያልሁት። ተንበርክኬ የካሳውን ፊት በነጠላዬ ጠረግሁለት። እሱ ግን ዓይኔን ሊያየኝ አልቻለም፤ ደንግጦ ነው ብዬ ተውሁት።

በማግስቱ ጠዋት በማኅበሩ ግቢ ጽዱ ሥር ስብሰባ ተጠራ። ከአውራጃ የመጡ ሰዎችም ነበሩ። ሊቀመንበሩ ተነሥቶ «ትናንት ቁልፉ የማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«የእኔ ነበር» አልሁ። «ካሳው ውኃ ልጨምርበት ብሎ ከእኔ ወስዶ ነው።»

ካሳው ተነሣ። ክንዱ በጨርቅ ታስሯል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ስትነዳ የነበረችው የሺ ናት» አለ። «እኔ ከኋላ ተሳፍሬ ነበር። ተይ ብያታለሁ።»

ጆሮዬን አላመንሁም። ሳቅ ይሁን ጩኸት ያልታወቀ ድምፅ ከአፌ ወጣ። «ካሳው!» አልሁ። «ካሳው፣ እኔ እኮ ነኝ!» እስከ ዛሬ ለምን እንደዚያ እንዳልሁ አላውቅም። ሰው ተሳስቶበት፣ የሌላ ሴት ስም ሊጠራ አስቦ የእኔን የጠራ ያህል መስሎኝ ይሆናል።

ግቢው ታመሰ። ሊቀመንበሩ ጸጥ አሰኝቶ ወደ አባቴ ዞረ። «አያ ደምሴ፣ እርስዎ በዚያ በኩል ከብት ይጠብቁ እንደነበር ተነግሮናል። ለሁለቱም አባት ነዎት፤ ቃልዎን ሁላችንም እናምናለን። መሪው ላይ የነበረው ማን ነው?»

እፎይ አልሁ። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ትከሻዬ ሲወርድ፣ ትንፋሼ ሲመለስ ይታወቀኛል። አባቴ አይተዋል። አባቴ ውሸት ተናግረው አያውቁም። አሁን አንድ ቃል ይናገራሉ፤ ካሳውም ፈርቶ ነው ያደረገው፣ ይቀጣል፣ እኔም እለምንለታለሁ፤ ነገሩ ያበቃል።

አባቴ በዝግታ ተነሡ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ወደ እኔም ወደ ካሳውም አላዩም፤ ዓይናቸውን ከፊታቸው ያለው ሣር ላይ ጣሉ።

«እኔ ከብት ስመልስ ነበር» አሉ። «ድምፁን ሰምቼ ነው የሮጥሁት። መሪው ላይ ማን እንደነበረ አላየሁም።»

ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ ከሩቅ እንደሚሰማ ነገር ነው የሰማሁት። ከአውራጃ ከመጡት አንዱ «ለሴት ልጅ እንዲህ ያለ ከባድ መሣሪያ መስጠታችን የራሳችን ስሕተት ነው» አለ። ከሹፍርናውም ከሴቶች ማኅበር ኮሚቴውም ተሰረዝሁ። ለሥልጠና የተመዘገቡት ሁለቱ ልጃገረዶችም እዚያው ተሰረዙ፤ አንደኛዋ ስታለቅስ አይቻታለሁ። ያለቀሰችው በእኔ ተናዳ ነው። እኔ እንዳጠፋሁ አምናለችና።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ጠዋት አካፍቶ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። ጀርባቸውን እያየሁ ብዙ ሄድሁ። በመጨረሻ አልቻልሁም።

«አባዬ፣ አንቱ አላዩም?»

እርምጃቸውን አላቆሙም።

«ትናንት ሲዘል አየሁት ብለውኝ የለ?»

ሳይዞሩ «እርምጃሽን ጠብቂ፤ መንገዱ ያዳልጣል» አሉኝ።

ያን ቀን እናቴ ጎመን ከሥጋ ሠርታ ጠበቀችን። አባቴ አንድ ጉርሻ ጎርሰው ተነሡ፤ እኔ ወደ መሶቡ አልቀረብሁም። ካሳው በላ። አንገቱን ደፍቶ፣ በጥድፊያ፣ እስኪጠግብ በላ።

*

ትራክተሩ ተጠግኖ ሲመለስ ሹፌሩ ካሳው ብቻ ሆነ። በእኛ ደጅ ነበር የሚያልፈው። ድምፁ ሲመጣ እኔ ሥራ እፈልግ ነበር፤ እህል እሰልቃለሁ፣ ቤት እጠርጋለሁ፣ ድምፁ እስኪርቅ። መንደሩ «የሺ ገልባጭ» የሚል ስም አወጣልኝ። ልጆች ይዘፍኑት ነበር። ካሳው እየሰማ ያልፋል። አንድ ቀን ብቻ፣ ወንዝ ዳር አግኝቼው «ለምን?» ብዬዋለሁ። «የሺዬ፣ አሁን ይኼን ምን ያነሣዋል?» አለኝና ፊቱን ታጥቦ ሄደ።

እንዲያ ያለ ስም የወጣላት ልጅ በአገሯ ማን ይጠይቃታል? አባቴ ላሊበላ ካለ ዘመድ ጋር ተነጋግረው ዳሩኝ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማር፣ እሱን የምከስበት ነገር የለኝም። እሱም ቢሆን ትራክተር እንደነዳሁ ሳያውቅ ሞተ። ዘመኑ ተለወጠ፣ ማኅበሩ ፈረሰ፣ ትራክተሩንም ጎትተው ወሰዱት ሲባል ሰማሁ። ካሳው ቆላ ወርዶ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ፤ መንጃ ፈቃዱን ያገኘው በዚያ ትራክተር ልምዱ ነው። ቤት ሠራ፣ ወለደ። ለበዓል ለአባቴ ሙክት ይልክላቸው ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አባቴ ለገና ሊሳለሙ መጥተው እኔ ዘንድ ሰነበቱ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። በዓሉ አልፎ ተሳላሚው ሲበተን፣ አንድ ረፋድ ላይ ግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቁ ሳለ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ባቄላ እየፈለፈልሁ ነበር። ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም።

«አባዬ፣ ያን ጊዜ ለምን አላየሁም አሉ?»

የትኛውን ጊዜ ብለው አልጠየቁኝም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

«ካሳውን ግንባር ይልኩት ነበር» አሉ። «የሕዝብ ንብረት አወደመ ብለው። በዚያ ወቅት የሄደ ወንድ ልጅ ሲመለስ አይተሻል? አባትና እናቱ አደራ ብለውኝ ነው የሞቱት። አንቺን ምን ያደርጉሻል? ቢበዛ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ትዳሪያለሽ። አንቺ ቅርቤ ነሽ፤ ትችዪልኛለሽ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ከስብሰባው በፊት አንድ ሌሊት ሙሉ ነበረን።»

«ብነግርሽ እሺ ትዪኝ ነበር?»

ባቄላው እጄ ላይ ቀረ። «እል ነበር» አልኋቸው። «ለካሳው ሲባል እል ነበር።»

እውነቴን ነበር። ማታውኑ ጠርተው «የሺ፣ ልጁ ሊሞትብን ነው፤ አንቺ ተሸከሚው» ቢሉኝ ተነሥቼ «እኔ ነኝ የነዳሁት» እል ነበር። ሰው ሁሉ ገልባጭ ቢለኝ፣ በውስጤ ወንድሜን ያተረፍሁ ሴት ሆኜ እኖር ነበር። እሳቸው ግን አልጠየቁኝም፤ ሳልሰጥ ወሰዱ። ካሳውም አልለመነኝም። ሁለቱ ምንም ሳይነጋገሩ በእኔ ላይ ተስማሙ።

አባቴ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። «እንግዲያ ይቅር በይኝ» አሉ።

«ይቅር ብያለሁ» አልሁ። ሌላ ምን ይባላል? ሽማግሌ ናቸው፤ አባቴ ናቸው። ደግሞም ከልቤ መስሎኝ ነበር። ያንን ነገር በውስጤ አሳንሼው ነበር፤ የልጅነት ነገር፣ የአንድ ሰሞን ጨዋታ፣ የብረት ፍቅር አድርጌው። ሲሞቱ በቀብራቸው ላይ ከሁሉ አብልጦ የጮኸው ካሳው ነበር። ለቅሶው ሲበርድ አቅፎኝ «የሺዬ፣ እንግዲህ ያለሽኝ አንቺ ነሽ፣ እህቴ» አለኝ። ጠበቅሁት። ሌላ ነገር ይጨምር እንደሆነ ክንዱ ላይ ሆኜ ጠበቅሁት። አልጨመረም።

*

ይህን ሁሉ ለእናትነሽ የነገርኋት ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሕፃኑን ጡት እያጠባች ሳለ ነው። ሙላት ሮጦ መጥቶ «እናትሽ እኮ ከእኔ በላይ ያርሳሉ!» ብሎ ሲነግራት በሳቅ ሞታ ነበር። ስጨርስ ግን አትስቅም ነበር።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽንም?» አለችኝ።

«ትንሽ ነገር መስሎኝ።»

እንደዚያ ነበር ያሰብሁት። ሠላሳ አርባ ዓመት የተሸከምሁት ነገር ስሜ ያለ ጥፋቴ የመጉደፉ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ስም ደግሞ በሌላ አገር ይታጠባል፤ እኔም ላሊበላ ሄጄ አጥቤዋለሁ። ያ ወንበር ላይ ወጥቼ ሞተሩ ጀርባዬን ሲይዘኝ፣ ትልሙ ከኋላዬ ቀጥ ብሎ ሲተኛ፣ እንደዚያ ስስቅ ነው የገባኝ። የወሰዱብኝ ስም ብቻ አልነበረም፤ ይኸን ሳቅ ነው። በየጠዋቱ፣ በየክረምቱ፣ ጉልበቴ ሙሉ በነበረበት ዘመን ሁሉ የምስቀውን ሳቅ። ደስታው ባይመለስልኝ ኖሮ የጎደለኝን ሳላውቅ በሰላም እሞት ነበር። ሙላት «ነገም ይምጡና ያግዙኝ» ብሎኛል፤ በማግስቱም ሄጃለሁ፤ በሦስተኛውም ቀን። በወረድሁ ቁጥር ግን ከደስታው ጋር አብሮ የሚወርድ ቁጣ አለ፤ በዚህ ዕድሜዬ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

እናትነሽ ያን ዕለት ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ጀርባውን መታ መታ አደረገች።

«አያቴን ግን ይቅር ብለሻቸው የለ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ብያቸው ነበር» አልኋት። «የወሰዱት ምን ያህል እንደሆነ ሳላውቅ ነበር እንጂ።»

አሁን ላሊበላ ተመልሻለሁ። እሑድ እሑድ ስሳለም እንደ ወትሮው የሞቱብኝን ሰዎች ስም አንድ በአንድ እየጠራሁ ነፍስ ይማር እላለሁ፤ እናቴን፣ ባሌን፣ አባቴን። የማንንም ስም አላስቀረሁም። አባቴ ጋ ስደርስ ግን ከመጥራቴ በፊት ትንሽ እዘገያለሁ።